አያ ጂፖ፣ ሳታመካኝ ኮፈኑን ክፈት

«መቶ በመቶ ኦሪጅናል ናት!» አለ።

ሰማችሁ ጎበዝ? መቶ በመቶ። ሰማንያ ቢል እንከራከር ነበር። ዘጠና ቢል እንጠረጥር ነበር። መቶ ሲል ግን ለክርክር አልተመቸም፤ ለሳቅ ነው የተመቸው። ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየች የጦር ጂፕ! ዓለም ሲገለባበጥ፣ መንግሥት ሲለዋወጥ፣ እሷ አንዲት ብሎን አልለወጠችም። እኛ በስንት ያነሰ ዕድሜ ጥርስ ለውጠናል፤ አንዳንዶቻችንም አቋም።

ስሙን አልጠራም። አያ ጂፖ ይባል። ጂፕ አሳይቶ ለጅብ የሚሰጥ ሰው ሌላ ምን ይባላል? የሚያወራላት መኪና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ ናት፤ ዊሊስ ኤምቢ፣ ወይም መንትያዋ ፎርድ ጂፒደብሊው። ሁለቱ ኩባንያዎች ከ1941 እስከ 1945 ድረስ ተጋግዘው 640,000 ገደማ ሠርተዋል። ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ። ለአያ ጂፖ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነገርኩት ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶ፣ ዋጋ ጨምሮ ይሸጣታል።

«መጀመሪያ ቀለሟን እያት!» አለኝ።

እንዴት አድርጌ ልያት? ዓይኔን ወጋችኝ እኮ! ታንጸባርቃለች። የጦር ጂፕ አያንጸባርቅም ጌታው። ሠራዊቱ ያዘዘው ደብዛዛ፣ ብርሃን የማይመልስ የወይራ ቀለም ነው። ምክንያቱም ከላይ አውሮፕላን አለ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ዓይን አለ፤ ከዓይኑ ጀርባ ቦምብ አለ። ያንተዋ ግን ቫርኒሽ ጠጥታ ሰክራለች። ጠላት ሊተኩስባት ቢመጣ ጢሙን ተላጭቶባት ነው የሚመለሰው። ቀለም የቀባ ሁሉ ቀለም የቆጠረ አይደለም።

«ኮከብ አላት እኮ!»

ኮከብማ አላት። ኮከብ ማውጣት ካርቶን፣ ምላጭና ነጭ ቀለም ነው። በዚህ ሒሳብ የሰፈራችን የውሃ ሮቶም ዘማች ነው። ይልቅ ኮከቡን ጠጋ ብለን እንየው። «የ1942ቱን የሰሜን አፍሪካ ዘመቻ መልክ ነው የሰጠኋት» ብለሃል። ኮፈኗ ላይ ያለው ኮከብ ግን በክብ የታጠረ ነው። ክቡ በሰፊው የመጣው በ1943፣ ከሲሲሊ ዘመቻ ጋር ነው፤ ኮከቡ ብቻውን ሲሆን ከሩቅ ከጀርመን መስቀል ጋር ይምታታል ተብሎ። እንግዲህ መኪናህ ሰሜን አፍሪካ ላይ ሆና የመጪውን ዓመት ትእዛዝ ቀድማ ሰምታለች። አንተ የገዛኸው ጂፕ አይደለም፤ ነቢይ ነው። ኮከቧም ከሻንሲዋ ጋር አልገጠመም፤ ይህን ጋብቻ ኮከብ ቆጣሪ ደብተራ እንኳ አያጸድቀው።

ኮከቡን ለሰማይ እንተውና ግንባሯን እንቁጠር። ፍርግርጉ ስንት ቀዳዳ አለው? ጮክ ብለህ ቁጠር፤ ከኋላ ያሉትም ይስሙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት። ድገም። ሰባት። ካልሲህን አውልቀህ በእግርህ ጣት ቁጠር። ሰባት! የጦርነቱ ጂፕ፣ መጀመሪያ የወጡትን ትተን፣ ዘጠኝ ቀዳዳ ነው ያላት። ሰባቱ የሲቪሏ ነው፤ ዊሊስ በ1945 ለገበሬው ብሎ ያወጣት ሲጄ-2ኤ። ሁለት ቀዳዳ አጉድለህ መቶ በመቶ? ሒሳብ ያስተማረህ ደላላው ነው እንዴ?

ወደ ኋላ ዞርን። ኋላዋ ታጥፎ የሚወርድ በር አለው። የጦሯ ጂፕ ጀርባዋ ድፍን ነው፤ ትርፍ ጎማዋን ታዝልበታለች። ጎኗን አየን። የቤንዚን መቅጃዋ ውጭ ነው። የጦሯ ጂፕ ሰልባትዮ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ቤንዚን ሲቀዳ ሹፌሩ ይነሳል፣ መቀመጫውን ያነሳል፣ ከዚያ ይቀዳል። ያንተ ሹፌር ተደላድሎ ተቀምጦ ያስቀዳል። ይህቺን መኪና ወታደር አልነዳትም፤ ባለርስት ነው የነዳት። የዘመተችው ድንች እርሻ ላይ ነው፤ የማረከችውም አረም ነው። የፊት መብራቷ ጋ ደረስን። የጦሯ መብራት በቢራቢሮ ዳዶ ተፈትቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ መካኒኩ በጨለማ ሞተሩን እንዲያይበት። «ገልብጥልኝ» አልኩት። መብራቱ አልተገለበጠም። ነገሩ ተገለበጠ።

«ውይ፣ ይቺ እኮ የባለቤቴ ናት!» አለ። «የኔዋ ጋራዡ ውስጥ ናት።»

አያችሁ? ሚስቱን አጋልጦ አመለጠ። ጋራዡን ከፈተ። እውነትም ሌላ ጂፕ አለች፤ ያው ቫርኒሽ፣ ያው ባለክብ ኮከብ። ዘጠኝ ቀዳዳ፣ ድፍን ጀርባ፣ ሰልባትዮ ከወንበር ሥር። እዚህ ላይ ፍርድ አላጣምም፤ ይቺኛዋ የጦርነቱ ልጅ ናት። ችግሩ አባቷ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። «ፎርድ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ለተመልካች አንድ ነገር ላስቀድም። በ1940 የአሜሪካ ሠራዊት 135 ኩባንያዎችን «ቀላል የቅኝት መኪና ሥሩልኝ» ብሎ ጠየቀ። ቀኑ ጠባብ ስለሆነ ከቁም ነገር የቆጠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ባንተም የሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው፤ በ49 ቀን ሠርቶ ሜሪላንድ፣ ሆላበርድ ካምፕ አደረሳት። አዎን፣ ዛሬ የእኛ ሰው እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥባት ሜሪላንድ። ሁለተኛው ዊሊስ ነበር፤ ፎርድም ኋላ ገባበት። ትልቁን ውል የወሰደው ዊሊስ ሆነ። ዊሊስ ብቻውን አያደርስም ሲባል ፎርድ በዊሊስ ንድፍ እንዲሠራ በ1941 መጨረሻ ተዋዋለ። ባንተም ፈጠረ፣ ዊሊስ አሸነፈ፣ ፎርድ ቀዳ፤ ብልጣ ብልጥነቱ ዞሮ ዞሮ ዛሬ ባንተም ደረሰ።

ውሉ ላይ ዋናው ነገር ምን ነበር? የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይግጠም ነው። ይገጥማል። ይግጠም እንጂ አይመሳሰልም፤ ልዩነቱም ያለው ሰው ዓይኑን በማያሳርፍበት ቦታ ነው። ከራዲያተሩ ፊት፣ ታች፣ ሁለቱን የሻንሲ ክንዶች የሚያገናኝ አግዳሚ ብረት አለ። ዊሊስ ክብ ቧንቧ አድርጎታል። ፎርድ ማዕዘን ያለው፣ የተደፋ ገንዳ አድርጎታል። በቃ። ለዚህ ፕሮፌሰር አይጠራም፤ ጉልበት ብቻ ነው የሚፈለገው። «ተንበርከክና እይ» አልኩት። ተንበረከከ። ከኋላ ያሉት ጸሎት የተጀመረ መስሏቸው ቆብ አወለቁ። «ምን አየህ?» ዝም። «ክብ ነው ወይስ ማዕዘን?» ዝም። «አያ ጂፖ፣ እጅህን ስደድና ዳብሰው።» ዳበሰ። «ክብ... ክብ ይመስላል።» ይመስላል ይለኛል! ጨብጦት! ሻንሲ ሳታይ በቻንስ ገዝተህ፣ ፎርድ ስትል ትውላለህ። ፎርድ የሚለው ቃል መሐል አንዲት «ጅ» አስገባበትና ሙሉ ስሙን ጥራው፤ ፎርጅድ።

«ብሎኖቹ ላይ ኤፍ አለ እኮ!» ብሎ ተነሣ፤ ጉልበቱን እያራገፈ።

እውነት ነው፣ አለ። ፎርድ የሠራው ዕቃ ላይ ኤፍ የምትል ፊደል ይመታ ነበር፤ ብሎኑ ራስ ላይ ሳይቀር። ትምህርት ቤት ኤፍ ያመጣ ይባረራል፤ ጂፕ ላይ ኤፍ ያመጣ ይከበራል። አንተ በሁለቱም ሜዳ የተሳካልህ ሰው ነህ። ግን እስቲ ብሎኑን እየው። ዝገት የለው፣ ጭረት የለው፣ ቁልፍ የነከሰው ጠርዝ የለው። ኤፍ ያለበት አዲስ ብሎን ዛሬም ተሠርቶ በከረጢት ይሸጣል ወዳጄ! ሰብሳቢ ባለበት ሁሉ ሠሪ አለ። ኤፍ ገዝተህ ዊሊስ ሻንሲ ላይ አሰርክ። ብሎኑስ ጠብቋል። የላላው ሌላ ነው።

አሁን የመጨረሻውን ጥይት አወጣ። «የሞተር ቁጥሯና የሻንሲ ቁጥሯ አንድ ነው!» ሕዝቡ «ኧረ!» አለ። አንዳንዱ አጨበጨበለት። አያ ጂፖ፣ ሳታመካኝ ኮፈኑን ክፈት።

ከፈተ። ሞተሩ አለ፤ 2.2 ሊትር፣ 60 የፈረስ ጉልበት፣ በዘመኑ «ጎ ዴቪል» ያሉት። ሰይጣኑስ ደህና ነው፤ ጠንቋዩ ነው ያስቸገረው። ስማ። ፎርድ ሻንሲው ላይ፣ በግራ ክንዱ ጀርባ፣ ቁጥር ይመታል፤ ያንኑ ቁጥር ሞተሩ ላይ ይደግመዋል። ስለዚህ የፎርድ ሁለቱ ቁጥሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ናቸው። ዊሊስ እንዲያ አያደርግም። የሻንሲ ቁጥሩን በትንሽ ሳህን ጽፎ ከግራው ክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ በሪቬት ይመታዋል፤ የሞተሩ ቁጥር ሌላ ነው፤ ገና በልጅነታቸውም አይመሳሰሉም። ሻንሲህ ደግሞ ዊሊስ መሆኑን አሁን በእጅህ ዳብሰሃል። ታዲያ ቁጥሮቹ እንዴት አንድ ሆኑ? ፋብሪካው ያላደረገውን ማን አደረገው? ይህ ማስረጃ አይደለም ጌታዬ፣ የእምነት ክህደት ቃል ነው። ያጨበጨባችሁትም እጃችሁን መልሱ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሳህንስ? የርክክብ ቀኑ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የፍጥነት ማስጠንቀቂያው ሁሉ በሦስት ሳህን ተደርድሯል። ያምራል። ሳህኑም ባዶውን ይሸጣል፤ ገዢው እቤቱ ተቀምጦ በመዶሻ ቁጥር ይመታበታል። እናቷም አዋላጇም አንተ፣ የልደት ካርድ ሰጪውም አንተ! ቀበሌ እንኳ ማኅተም ከሌላ ሰው ያስመታል።

«ሠራዊቱ ራሱ ዕቃ ያቀያይር ነበር እኮ!» አለ። ኦሆ! መቶ በመቶ ያለው ሰው አሁን ጠበቃ ቀጠረ። ግን ልክ ነህ፤ የተሰበረ ሰዓት እንኳ በቀን ሁለቴ ልክ ነው። ሠራዊቱ ያቀያይር ነበር። ሞተር ሲደክም ወርዶ የታደሰ ሌላ ይገባ ነበር፤ ፎርድ ነው ዊሊስ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ፈረንሳዮች ፓሪስ አጠገብ ላ ማልቱርኔ በተባለ ትልቅ ጋራዥ ጂፖቹን በጅምላ ይፈቱ ነበር፤ ሻንሲውን ለብቻ፣ ካምቢዮውን ለብቻ፣ ላሜራውን ለብቻ ይከምሩና ከየክምሩ እያነሡ አዲስ ያዋልዱ ነበር። ከዚያ የወጣች ጂፕ የዊሊስ ወገብ፣ የፎርድ ፓራፋንጎ ቢኖራት የሚያሳፍር ነገር የለም፤ የኑሮዋ ነገር ነው። ውሉ የጠፋ ዊሊስ ይዞ መዞር ወንጀል አይደለም። ውል ፈጥረህ ስትፈርምላት ነው ወንጀሉ።

ስለ ፈረንሳይ ካነሣን (ለጋሲዮንን አላልኩም) ባትሪውን እንየው። 24 ቮልት። የጦርነቷ ጂፕ 6 ቮልት ነበረች። 24 ቮልቱ ፈረንሳዊው ሆችኪስ በፈቃድ ሲሠራት የኖረው ኤም 201 ላይ ነው የሚገኘው፤ ከ1955 እስከ 1966 ድረስ፣ ከ27,000 በላይ። ጦርነቱ ያለቀው በ1945 ነው። ያንተዋ ኤሌክትሪክ አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው ጦር ሜዳ የደረሰው። ሆችኪስ። ስሙ መጨረሻ ላይ ኪስ አለ አይደል? የተበላው እሱ ነው።

«ኖርማንዲ ወርዳለች!»

ይህን ስጠብቀው ነበር። የጂፕ ባለቤት ሁሉ ጂፑ ኖርማንዲ ወርዳለች። ኖሮ ማን አይቶ? እስካሁን «የኔዋ ጦርነቱን ሙሉ ቴክሳስ ካምፕ ውስጥ ፖስታ ስታመላልስ ነው የከረመችው» ያለ ባለጂፕ አልገጠመኝም። እነዚህ ሁሉ ጂፖች በአንድ ማለዳ ያቺን የባሕር ዳርቻ ቢረግጡ ኖሮ ፈረንሳይ በክብደት ብቻ እጅ ትሰጥ ነበር። «ይኸው ገመድ ቆራጩ!» ብሎ ፓራውልቷ ላይ የቆመውን ብረት አሳየኝ። ጀርመኖች መንገድ ላይ ሽቦ ሲወጥሩ፣ መስተዋቱ ተኝቶ የሚነዳ ወታደር አንገቱ እንዳይቀላ፣ ግንባር ያሉ መካኒኮች የበየዱት ብረት ነው፤ ከፋብሪካ አልመጣም። ብረቱን ነካሁት። አቃጠለኝ። ብየዳው ገና አልበረደም! ይህቺ ጂፕ ያየችው ጦር ካለ የጦር ኃይሎች ፌርማታ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ወዳጁ ሊያግዘው ገባ። «ይቺ እኮ ቃኘው ሻለቃ ኮርያ ላይ የነዳት ናት» አለ። እዚህ ላይ እንኳን ቁም! በእኔ ቀልድ፤ በቃኘው አትቀልድ። ቃኘው በ1951 ኮርያ ሲገባ የተሰለፈው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነው፤ የታጠቀውም ከአሜሪካ ጦር ክምችት ነው። በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩ ጂፖች ጃፓን ላይ እየታደሱ ኮርያ መዝመታቸውም እውነት ነው። እንግዲህ ያልከው ልክ ከሆነ፣ ፓራውልቷ ላይ፣ ከላይኛው ቀለም ሥር፣ የክፍለ ጦሩና የሬጅመንቱ ቁጥር ይኖራል። እንፈልገው። የድሮ ቀለሟ የታለ?

አያ ጂፖ ፈገግ አለ። ኩራት በኩራት ሆነ። «የድሮ ቀለም? በአየር ግፊት አሸዋ አስረጭቼባት እስከ ነጭ ብረቷ ገፈፍኳታ!»

ያዙኝ! ወንበር ስጡኝ! እስካሁን የሳቅኩትን ሁሉ መልሱልኝ፤ ለዚህ ላስቀምጠው ነበር።

አንተ ሰው፣ የአሮጌ ጂፕ ቀለም እኮ ሊብሬዋ ነው! ባለቤት በተለወጠ ቁጥር አንድ ገጽ ተጽፎበታል። ከላይ ገበሬው የቀባው ቀይ አለ። ከሥሩ የሆነ አገር ጦር የቀባው አረንጓዴ አለ። ከእሱ ሥር ሲያድሷት የተቀባው። ከሁሉም በታች ፋብሪካው። የገባው ሰው በውሃ የራሰ ብርጭቆ ወረቀት ይይዝና የኮፈኑ ጎን ላይ፣ በትዕግሥት፣ በክብ በክብ ይፍቃል። አንዱን ገጽ ገልጦ ያቆማል። ያያል። ፎቶ ያነሣል። ሌላውን ይገልጣል። ከዚያ ከደብዛዛው ወይራ ላይ አንድ ቀን ቁጥር ብቅ ይላል፤ በ20 የሚጀምር የሠራዊቱ መዝገብ ቁጥር። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ የሚጻፈው በደብዛዛ ሰማያዊ ቀለም ስለነበር ከአረንጓዴው ጋር ተደባልቆ ሊያመልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ዓይን ይሻል፣ ጎን ለጎን የሚያበራ ባትሪ ይሻል። ያ ቁጥር ሲገኝ ሰው ጋራዥ ውስጥ ይጨፍራል። አንተ ሊብሬዋን በአሸዋ አጥበህ ፀሐይ ላይ አሰጣህ!

ቀዳዳዎቹስ? «በስቱኮ ደፈንኳቸው» አለ። አይ አንተ! የተቀዳደደ ነገር ሁሉ አይደፈንም እኮ፤ አፍህም ክፍት ነው። ጎኗ ላይ ያለች እያንዳንዷ ቀዳዳ የሆነ ነገር ተሸክማ የነበረች ናት፤ የሬዲዮ መደገፊያ፣ የጀሪካን ማንጠልጠያ፣ የአካፋ ማሰሪያ። ርቀቷን ለክተህ፣ ዝገቱ ላይ የቀረውን የዕቃውን ቅርጽ አይተህ ምን ይዛ እንደነበር ታውቃለህ። አንተ ምስክር ሲቀርብልህ አፉን በስቱኮ የምትዘጋ ዳኛ ነህ። ቢያንስ አሸዋው ያልደረሰበትን ተወኝ፦ የዳሽቦርዱን ጀርባ፣ የሳህኖቹን ሥር፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ክዳን ውስጥ። ብሩሽ የሰነፈበት ቦታ እውነት ይተርፋል። «እዚያም በእጄ ገብቼ አጸዳሁ» አለ። ትጉህ! ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ሀብታም ትሆን ነበር።

«ታዲያ አንተ ኦሪጅናል የምትለው ምኑን ነው?» ብሎ ጮኸ። ጥሩ ጥያቄ ናት፤ በስሕተት ነው ያመለጠችው።

ኦሪጅናል ቀን አለው። በ1941 መጨረሻ የወጣችው ዊሊስ ግንባሯ ከጠፍጣፋ ብረት የተበየደ ነው፤ 25,000 ገደማ እንዲያ ወጥተዋል። ዘጠኝ ቀዳዳውን በአንድ ላሜራ መትቶ ያወጣው ፎርድ ነው፤ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ ዊሊስም ወሰደው። (ዊሊስ የኮራበት ግንባር የፎርድ ቆጣቢነት ነው፤ ይህን ለዊሊስ አፍቃሪ በሠርግ ቤት እንዳትነግሩት።) እስከ 1942 አጋማሽ ገደማ ሁለቱም ስማቸውን ጀርባዋ ላይ በትልቁ ይቀርጹ ነበር፤ ሠራዊቱ ጦርነት እንጂ ማስታወቂያ አላዘዝኩም ብሎ አስቀረው። መጀመሪያ በቁልፍ ትነሣ ነበር፤ ኋላ ቁልፉ ቀርቶ በእጅ የሚዞር ማብሪያ ሆነ፤ ጥይት እየዘነበ ኪስ መዳበስ የለም። ወደ ጦርነቱ ማብቂያ ደግሞ ሁለቱም ፋብሪካዎች አካሏን ከአንድ ሠሪ፣ ኢንዲያና ኮነርስቪል ካለው፣ መውሰድ ጀመሩ። እንግዲህ አንድ ቀን ትመርጣለህ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጣውን ታወልቃለህ። አለዚያም ሁሉንም ባለበት ትተህ የኖረችበትን ሁሉ ታሳያለህ። ሁለቱም ያስከብራል።

«የኔዋ ሁሉም አላት!» አለ፤ አሸነፍኩ ብሎ።

አላታ! ሻንሲዋ ዊሊስ፤ ብሎኗ ፎርድ። አካሏ የኮነርስቪል፤ ጀርባዋ ላይ አስበይደህ የገጠምከው ላሜራ «ፎርድ» የሚል የ1942። ኮከቧ የሲሲሊ፤ ሽቦ መቁረጫዋ የትናንት ማታ። ባትሪዋ ፈረንሳይ፤ ቫርኒሿ የሠርግ መኪና። ይህቺ ጂፕ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ብቻዋን ነው የጨረሰችው! ስታሊንና ቸርችል በከንቱ ደከሙ።

ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠጋ አለኝ። «ለነገሩ ልሸጣት ነው» አለ። «አያቴ ከነሳጥኗ፣ ታሽጋ፣ በ50 ዶላር ነው የገዟት።» የ50 ዶላሩ ሳጥንም መጣ! ጂፕ በሳጥን ታሽጋ ባሕር የተሻገረችው በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በ50 ዶላር ከነሳጥኗ የሚለው ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስታወቂያ የወለደው ተረት ነው፤ ገንዘቡን የላከ ሰው የሚደርሰው ጂፕ ሳይሆን ስለ ጂፕ የሚያወራ ወረቀት ነበር። እንግዲህ አያትህም ተበልተዋል። ይህ እንኳ በዘር የመጣ ነው፤ ማን ይወቅስሃል?

«እሺ፣ አንተ ስንት ትላታለህ?»

እኔ ምኑን አውቄ! መዶሻው ያለው አንተ ጋ ነው፤ የፈለግከውን ቁጥር ምታባት።